ሊቀ አንጀት የብርጓልና የብርጭቆው ሆድ

ፈጣሪ ሰፈር ሲያበጅ አንድ አልቃሽ፣ አንድ አስታራቂ፣ አንድ ወሬ አመላላሽና አንድ «ገና ነው» ባይ ሳይመድብ ሥራውን አይጨርስም። ሦስቱ ቢጎድሉ ከጎረቤት ሰፈር መዋስ ይቻላል። አራተኛው ግን ቢጠሉትም አይጠፋም። እናንተም ሰፈር አለ፤ ታውቁታላችሁ። እልል ስትሉ እጁን አጣጥፎ የሚቆም፣ «ተመስገን፣ አለቀ!» ስትሉ «ምኑ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ደስታችሁን ደጃፍ ላይ አስቁሞ የሚፈትሽ ሰው።

የኛ ሰፈር «ገና ነው» ባይ ሴት ናት፤ ስሟ የብርጓል ይባላል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እኔ ከምከራየው ክፍል ፊት ለፊት፣ በአንድ ግቢ ትኖራለች። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ዝናብ ሲዘንብ የምተክዝ፣ ማሲንቆ ስሰማ መንገዴን የምስት። እሷ ዝናብ ሲዘንብ ጣራው ማፍሰሱንና አለማፍሰሱን ታያለች። እኔም በገዛ ሥልጣኔ «ሊቀ አንጀት» የሚል ማዕረግ ሰጥቻታለሁ። ይህ ማዕረግ በየትኛውም ደብር አይገኝም። ለምን እንደሾምኳት ቆይቶ ይገባችኋል።

ሊቀ አንጀት አንዲት ቃል አለቻት፤ በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በስብሰባም የምትናገራት። «ገባ እንጂ መቼ ደረሰ?»

አንድ ጠዋት፣ ውሃ ጠፍቶ ከከረመ በኋላ፣ የግቢያችን ቧንቧ ተንጎራጎረ። አከራያችን እትዬ ጥሩነሽ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔ ባልዲዬን ረስቼ ለውሃው ግጥም መግጠም ጀመርኩ። የብርጓል በሯ ላይ ቆማ አየችንና «ገባ እንጂ መቼ ደረሰ?» አለች። ቧንቧው ሁለቴ ተፋ፣ እንደ ሽማግሌ ሳለ፣ ነፋስ ለቀቀ፣ ዝም አለ። እትዬ ጥሩነሽ ቀኑን ሙሉ አኮረፏት፤ ውሃውን መልሳ የሰደደችው እሷ ይመስል።

ጎረቤቶቻችን አበባውና ወንድሙ አምሳሉ በአጥር ተጣልተው ከርመው በሽማግሌ ታረቁ። አንገት ለአንገት ተናንቀው ሲላቀሱ ያላለቀሰ አልነበረም፤ እኔማ መሐረብ አልበቃኝም። ሊቀ አንጀት ጠጋ ብላ በጆሮዬ፣ «ይቅርታው በአፍ ገብቷል፤ ሆድ መድረሱን ሳምንት እናያለን» አለችኝ። በሳምንቱ አንዱ ያንኑ አጥር ሲተክል ሌላው ከኋላው እየነቀለ ሲከተለው አየናቸው። እሷ ምንም አላለችም። ይኸ ነው የሚያናድደው፤ «አላልኳችሁም?» እንኳ አትልም!

ደግሞ መሸኘት አታውቅም። በኛ አገር ሰው መንገድ ሲወጣ መናኸሪያ ድረስ ተከትለን፣ ስመን፣ አልቅሰን፣ መኪናው ሲነሣ በመስኮት ስንቅ ወርውረን ነው የምንመለሰው። የብርጓል ከበሯ ሳትወጣ «በል፣ ደህና ግባ» ትልና ወደ ሥራዋ ትዞራለች። እትዬ ጥሩነሽ ይህችን ልጅ «አንጀቷ ድንጋይ ነው» ይሏታል።

አንጀቷ እንኳ ድንጋይ አይደለም። ብርጭቆ ነው።

ሥራዋን ያላወቀ ሰው ጠባይዋን ክፋት ይለዋል። የብርጓል ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ፣ በዘይትና በስብ ሟሙተው በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ሆድ ከገቡ በኋላ ምን እንደሚገጥማቸው ትፈትናለች። ለዚህም ከብርጭቆ ሆድ ሠርታለች። ግድግዳው ድርብ ነው፤ በግድግዳውና በግድግዳው መካከል ለብ ያለ ውሃ እየዞረ እንደ ሰው ገላ ያሞቀዋል። ውስጡ ሐሞት ትጨምራለች፤ ከቆሽት የሚመነጨውንና ስብ የሚፈጨውንም ኢንዛይም ትጨምራለች። ስቡ እየተፈጨ ሲሄድ ፈሳሹ ይኮመጥጣል። ሲኮመጥጥ አንዲት ቀጭን ቱቦ ኩምጣጤውን የሚሰብር ነገር ጠብ ታደርግበታለች። የጠብታው ብዛት ስቡ ምን ያህል እንደተፈጨ ይነግራታል። በመጨረሻ ቀድታ በሚሽከረከር ማሽን ታዞረዋለች፤ ሲቆም ሦስት ቦታ ተለይቶ ይወጣል።

አንድ ቀን ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አሳየችኝ።

«ላይ የተንሳፈፈው ያልተፈጨ ዘይት ነው። መሐል ያለው ድፍርስ ውሃ፣ መድኃኒቱ እዚያ ሟሙቶ ከተገኘ አንጀት ሊመጠው ይችላል። ታች የዘቀጠውንስ አወቅኸው?»

«አተላ ይመስላል።»

«አተላ ነው። መድኃኒቱ አተላ ውስጥ ከወደቀ በሽተኛው ዋጠው እንጂ አላገኘውም። ሰው ሁሉ የሚያየው ሲዋጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የሚከተለው የለም።»

ሆዷ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ የጾመና የበላ። የጾመው ሐሞቱ ጥቂት፣ የበላው ሐሞቱ ብዙ። ያንኑ መድኃኒት በሁለቱም ትሞክረዋለች፤ ምክንያቱም ዘይት ወዳዱ መድኃኒት በባዶ ሆድ ሌላ፣ በጠገበ ሆድ ሌላ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ዝም ማለት ለኔ ተፈጥሮ ይከብዳል። ሙቀቱ፣ ሐሞቱ፣ ጠብታው… እንጉርጉሮ የሚጠራ ነገር ነው። እዚያው ቆሜ አዜምኩላት፦

*ብርጭቆ ሆድ ሠርተሽ ውሃ የምታሞቂ፣*
*የኔንስ ሆድ ነገር መቼ ነው ምታውቂ?*

ዓይኗን ከቱቦው ሳትነቅል «የትኛው ሆድህ ነው?» አለችኝ፤ «የጾመው ወይስ የበላው?»

እንግዲህ ወደ የኔታ ፍሥሐ ልምጣ።

የኔታ ፍሥሐ ይጁቤ አጠገብ የቅኔ ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። እኔም በልጅነቴ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ጥቂት ቀምሻለሁ፤ ግጥም የሚሉት በሽታ የያዘኝ ከዚያ ነው። ባለፈው ዓመት አጥንታቸው ሳስቶ ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። ከመደባቸው ተነሥተው እስከ ደጃፍ ለመድረስ ሁለት ተማሪ መደገፍ ጀመሩ። ሐኪሙ ለአጥንታቸው ዘይት የሞላበት ድቡልቡል መድኃኒት አዘዘላቸውና «ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ይዋጡት» አላቸው።

የኔታ ግን በሐኪም ቀጠሮ የሚተዳደሩ ሰው አይደሉም። የራሳቸውን ቀጠሮ ያዙ። «ለሆሳዕና በእግሬ ቆሜ ካልዘመርኩ ወንበሬን እለቃለሁ። ተማሪ ተሸክሞ የሚያቆመው መምህር ለተማሪው ሸክም ነው።» የኔታ ወንበሩን ከለቀቁ ተማሪው አውራው እንደጠፋበት ንብ ነው፤ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ ብዙ አይቆዩም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አይናገረውም።

በኅዳር፣ ጾመ ነቢያት እንደገባ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት ጋር ለክትትል ደብረ ማርቆስ መጥተው እኔ ዘንድ አረፉ። ሐኪሙ ደማቸውን አስመርምሮ ራሱን ነቀነቀ፤ መድኃኒቱ ከነጭራሹ የተወሰደ አይመስልም አለ። ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን እኔ የሐኪሙን ቸልታ በማማረር ላይ ሳለሁ የብርጓል ከሥራ ገባችና እጅ ነሥታ ተቀመጠች።

«የኔታ፣ መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«እንደታዘዝኩት ነዋ፣ ልጄ።»

«እንደታዘዙት ማለት እንዴት?»

«ተይ እንጂ አንቺ ሴትዮ!» አልኳት። «የኔታን እንደ ተማሪ ትፈትኛለሽ?»

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው መሳቅ ጀመሩ። «ኧረ ንገሯት፣ የኔታ! ንገሯት እንጂ!»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቅኔ ሊዘርፉ ሲሉ እንደሚያደርጉት። «ሐኪሙ ቅባት አለኝ። ቅባት ማለት ቅቤ ነው ብዬ ተረዳሁት። ጊዜው ደግሞ የጽጌ ጾም ነበር፤ እሱ ሲወጣ የነቢያት ገባ። መድኃኒቱን ወደ ፀሐይ አንሥቼ ባየው ውስጡ ስብ ይንቦጫረቃል፤ የምን ስብ እንደሆነ ማን ያውቃል? እንዳልተወው የሐኪም ቃል ነው። እንዳልውጠው ጾም ነው። ኋላ አሰብኩና በእሾህ ወጋ እያደረግሁ ጉልበቴን አሸሁበት። የታመመው ጉልበቴ፤ መድኃኒቱም የጉልበቴ። በሆድ ዞሮ ምን አደከመው? መንገዱን አሳጠርኩለት።»

«ቅርፊቱንስ?»

«ዶሮዋ ትለቅመዋለች» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት። «ኧረ የዶሮዋ ጉልበትስ ጉድ ነው! አጥር ላጥር ነው የምትበረው!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ጥሩነሽ ግድግዳ ተደገፉ። እኔ «ይኸ ነው ምሁር!» ብዬ አጨበጨብኩ። የብርጓል ብቻ አልሳቀችም።

«መንገዱን አላሳጠሩም፣ የኔታ» አለች ቀስ ብላ። «በሩን ነው የዘጉበት።»

ሳቁ ቆመ። የኔታ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ጾም ለበሽተኛ እንደሚቀልለት ለተማሪ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ልጄ። ግን ተማሪዎቼ ቁራሽ ለምነው ሽሮ እንኳ ሳያገኙ ሲጾሙ እኔ ቅቤ ልብላ? ይኸን አላደርገውም። እዚሁ ልሙት።»

«ቅቤ ይብሉ ያለዎት ማን ነው? ቅባት ነው የተባሉት። የኑግ ዘይትስ ቅባት አይደለም?»

«ይበቃዋል ወይ?»

«እንዴታ!» አልኩ እኔ በሙሉ እምነት።

«አላውቅም» አለች ሊቀ አንጀት። «እናያለን።»

በማግስቱ የመድኃኒቱን መግለጫ አገላብጣ መጣች። ውስጡ ያለው የአትክልት ዘይት ነው አለች። እዚህ ላይ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። እሷ ግን «ቅርፊቱ ከከብት የሚሠራ ነው፤ ይህንን ሳያውቁ እንዲውጡት አልፈልግም» ብላ ቀጠለች። የኔታ ለንስሐ አባታቸው ስልክ አስደወሉ። አባም «መድኃኒት መብል አይደለም፤ ዶሮዋን ማከሙን ትተህ ዋጠው» አሏቸው። ሁለቱ አብሮ አደጎች ናቸው።

ከዚያ የኔታን በባጃጅ ጭነን ቤተ ሙከራ ወሰድናቸው። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በኑግ ዘይት የተሠራ ሽሯቸውን በሳህን ከድነው ያዙ። የኔታ በወንበር ተቀምጠው የብርጭቆውን ሆድ ከላይ እስከ ታች መረመሩት።

«ይኸ ሆድ ይጾማል?»

«የሚጾምም የማይጾምም አለኝ፣ የኔታ።»

«በነቢያት ጾም?» አሉ ደንግጠው።

«በዐቢይ ጾምም ይበላል። ንስሐ አባት የለውም።»

የኔታ አማተቡ፤ ከዚያ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። የብርጓል በአንዱ ብርጭቆ መድኃኒቱን ብቻውን በጾመው ሆድ፣ በሌላው ከቅቤ ጋር፣ በሦስተኛው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት ሽሮ ጋር አደረገችው። ባለሽሮዋ ሴት አንገታቸውን አስግገው፣ ወጣቸው ሐሞት ውስጥ ሲዞር እያዩ፣ «ጨው አነሰው ይላል?» ብለው ጠየቁ። ጠብታው መንጠባጠብ ያዘ። ማሽኑ ዞረ። የኔታ ዳዊታቸውን አወጡ። እኔ ጥፍሬን በላሁ፤ የሰው ልጅ ወንበር ጣት በሚያህል ቱቦ ውስጥ ሲዳኝ አይቼ አላውቅም ነበርና።

ቱቦዎቹ ወጡ። የባዶው ሆድ ገና ሲያዩት ያስታውቃል፤ ከታች ነጭ ዝቃጭ ይዟል። «አብዛኛው አተላ ሆነ» አለች። የቀሩትን ለመለካት ሌላ መሣሪያ አለና ጠበቅን። ወጥታ መጣች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

«ከኑጉ ጋር መሐል ላይ የቀረው፣ ከቅቤው ጋር ከቀረው አያንስም።»

ዘለልኩ። እልል አልኩ፤ ወንድ እልል አይልም የሚለውን ረስቼ። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት «ሽሮዬ! ሽሮዬ!» እያሉ ሳህናቸውን ሳሙ።

«ገና ነው» አለች ሊቀ አንጀት። «ብርጭቆ ሰው አይደለም። ብርጭቆ አያረጅም፣ ጉልበትም የለውም።» ውጤቱን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ሐኪሙም መድኃኒቱን ከቅዳሴ መልስ፣ ጥሩ አድርጎ ኑግ ከገባበት ምግብ ጋር እንዲውጡት፣ ደማቸውም እንደገና እንዲታይ አዘዘ።

ከዚያ ወዲህ ከይጁቤ በመጣሁ ቁጥር አበሳዬን አየሁ። «የኔታ እየዋጡት ነው!» ስላት፣ «ገባ እንጂ መቼ ደረሰ?» ትላለች። በጥር ደማቸው ላይ መድኃኒቱ ታየ። እንደ መልእክተኛ እየሮጥኩ ገባሁ። «ደም ውስጥ ገባ!»

«ጥሩ ነው። አጥንት መቼ ደረሰ?»

«አንቺ ሴት፣ መንግሥተ ሰማያት በር ላይ ቆመሽ ጻድቃንን ‹ገባችሁ እንጂ መቼ ደረሳችሁ› ሳትያቸው አትቀሪም!»

«እጠይቃቸዋለሁ» አለች፤ ጋኗን ማጠቧንም አላቋረጠችም።

ዐቢይ ጾም ገባ። የኔታ በአንድ ተማሪ ድጋፍ፣ ቀጥሎም በመቋሚያቸው ብቻ ደጃፍ መውጣት ጀመሩ ተባለ። የሆሳዕና ዋዜማ ወደ ይጁቤ ልሄድ ስነሣ የብርጓልን አብረን እንሂድ አልኳት። የጀመረችው ሙከራ ነበረባት፤ ጥላው መሄድ አልቻለችም። እንደ ልማዷ ከበሯ ሳትወጣ «በል፣ ደህና ግባ» አለችኝ። ሌላ ምንም። እውነት ለመናገር ያን ቀን ቅር አለኝ፤ የእትዬ ጥሩነሽ ድንጋይ ትዝ አለኝ።

በሆሳዕና የኔታ ፍሥሐ ነጭ ለብሰው፣ የዘንባባ ቀለበት በጣታቸው አድርገው፣ ከሊቃውንቱ መካከል ቆሙ። ማንም አልደገፋቸውም። መቋሚያቸውን አነሡ፤ ዜማው ሲዘም አብረው ዘመሙ። ከኋላ የቆሙት ተማሪዎቻቸው ዜማውን ትተው ጉልበታቸውን ነበር የሚያዩት። እኔ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ከቅጽሩ ውጪ ወጥቼ ደወልኩላት።

«ቆሙ! የብርጓል፣ ቆሙ!»

«ጨረሱ?» አለች።

«ገና እየዘመሩ ነው።»

«እንግዲያው ስልኩን አትዝጋው።»

ስልኬ ባትሪዋ የማያልቅ፣ መብራት ያላት የገጠር ስልክ ናት። በደረት ኪሴ አድርጌያት ተመለስኩ። ዜማው አለቀ፣ ዑደቱ ዞረ፣ ሕዝቡ ተበተነ። የኔታ በእግራቸው ቁልቁለቱን ወረዱ፤ እኔም ደረቴ ላይ አንዲት ዝም ያለች ሴት ይዤ ተከተልኳቸው። ከጎጇቸው ደጃፍ ደረሱ። ተማሪው ከብቦ ቆመ። የኔታ ቀስ ብለው፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ደግሞ መቀመጣቸው ያልበቃቸው ይመስል እንደገና ብድግ ብለው ቆሙና እንዲህ አሉ፦

*በኑግ ተነሣልኝ የተኛው ጉልበቴ፣*
*ቅቤ ሆይ ቆይልኝ፣ ለትንሣኤ ነይ ቤቴ!*

ተማሪው ጮኸ። ስልኩን አውጥቼ ሰጠኋቸው። የኔታ እንደ ጥዋ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ልጄ የብርጓል፣ አለሽ? በይ ስሚኝ። ወንበሬ ላይ ደርሻለሁ።»

የኔታ ጆሯቸውን ይበልጥ አስጠግተው አዳመጡ። ከዚያ መለሱልኝና፣ «አፍንጫዋን እየተናፈጠች ነው» አሉ፤ «ተዋት።»

በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ። የኔታ ደጅ ድረስ፣ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ቆሎ ይዘው መናኸሪያ ድረስ፣ ተማሪዎቹ መኪናው እስኪነሣ ሸኙኝ። ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም።

እስካሁን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቆይቻለሁ፤ ብነግራችሁ ኖሮ እኔ ስለሷ የተናገርኩትን ክፉ ነገር አታምኑኝም ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ወደ አማኑኤልም ልሂድ ወደ መርጡለ ማርያም፣ እየሳመ የሚሸኘኝ ሕዝብ መኪናው ሲነሣ ዞሮ ይገባል፤ ሥራውን ጨርሷል። ያን ቀንም መኪናችን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ገብታ ገና ጎማዋ ሳይቆም ኪሴ ነዘረኝ። ማን እንደሆነች ሳላይ አውቃለሁ። ከሁሉም ሰው መካከል እሷ ብቻ ናት እንዲህ የምትደውለው።

«ደረስክ?»

«መናኸሪያ ገባሁ።»

«ገባህ እንጂ መቼ ደረስክ?» አለችኝ። «በሬን አልዘጋሁትም፤ ናና እራት ብላ።»